«አላውቅም» ጮክ ተብሎ ሲነገር

ስልኬ የጮኸው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነበር። በምሠራበት ቦታ በየሌሊቱ የመረጃችንን አዲስ ቅጂ አዘጋጅቶ አሮጌውን የሚሰርዝ ሲስተም አለን። ስረዛውን ሁለት ትንንሽ ፕሮግራሞች ይጠብቁታል። አንደኛው አዲሱ ቅጂ ተጽፎ ማለቁን ያያል። ሁለተኛው አሮጌውን ቅጂ እያነበበ ያለ ሰው ወይም ሥራ መኖሩን ያያል። አንዱ የሚያየውን ሌላው አያይም። ደንቡ ቀላል ነበር፦ ከሁለቱ አንዳቸውም ካልከለከሉ ይሰረዝ።

የዚያን ሌሊት ሁለተኛው ፕሮግራም ከምሽት ጀምሮ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። አልተዘጋም። ስህተትም አላሳየም። ዝም ነው ያለው። ሁለት ቀን የፈጀ ስሌት አሮጌውን ቅጂ እያነበበ ሳለ ቅጂው ተሰረዘ። ስሌቱ ከዜሮ ተጀመረ።

ጠዋት ስብሰባ ተቀመጥን። ከሁላችንም በዕድሜም በሥራም የሚበልጡ አንድ ባልደረባ ነበሩ። ብዙ አይናገሩም። ወደ እኔ ዞረው ጠየቁኝ።

«ሁለተኛው ፕሮግራም ምን አለ?»

«ምንም አላለም።»

«ምንም አላለም ማለት ምን ማለት ነው?»

መልስ አጣሁ። «የሚከለክልበት ምክንያት የለም» ማለት ነው ልል ብዬ አፌ ላይ ቀረ። «አላውቅም» ማለትም ሊሆን ይችላል። «ሞቻለሁ» ማለትም ሊሆን ይችላል። እኛ ሦስቱንም አንድ አድርገን «እሺ» ብለን ተርጉመናቸው ነበር።

ያ ጥያቄ አልለቀቀኝም። መልስ ፍለጋ ስገባ ያገኘሁት የትምህርት ዘርፍ ስሙ ትንሽ ያስፈራል። ዲስክሪት ኢቨንት ሲስተም ይባላል። እኔ በክስተት የሚራመድ ሥርዓት ብዬ ብጠራው ይቀለኛል። ሙቀት ወይም ፍጥነት ሳያቋርጥ ይለዋወጣል። እዚህ ግን ነገሩ በዝላይ ነው። ማሽኑ ሥራ ጀመረ። ጨረሰ። ተበላሸ። ተጠገነ። በሁለቱ ክስተቶች መሃል ስንት ደቂቃ እንዳለፈ አይቆጠርም። የሚቆጠረው ምን ከምን በኋላ እንደመጣ ነው።

ፒተር ራማጅና ዎንሃም እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ሥራ ለዚህ ሒሳባዊ መሠረት አስቀመጡ። ሐሳቡ ሲገባኝ ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም በቋንቋ ነው የሚያስበው። እያንዳንዱ ክስተት ፊደል ነው። የክስተቶች ሰልፍ ቃል ነው። ሥርዓቱ ሊያደርግ የሚችለው ሁሉ አንድ ትልቅ ቋንቋ ነው። እኛ እንዲሆን የምንፈልገው ደግሞ በውስጡ ያለ ትንሽ ቋንቋ ነው። ተቆጣጣሪው መጥፎ ቃል እንዳይጻፍ ይጠብቃል። የሚያዝ አይደለም፤ ሥልጣኑ መከልከል ብቻ ነው። የማይከለከሉ ክስተቶችም አሉ። ማሽንን «እንዳትበላሽ» ብሎ ማገድ አይቻልም።

ተቆጣጣሪው አንድ ሆኖ ሁሉን የሚያይ ከሆነ ታሪኩ ያምራል፣ ንድፈ ሐሳቡም የተሟላ ነው። እውነተኛው ሥራ ግን እንዲህ አይደለም። አንዱ እዚህ ነው፣ ሌላው እዚያ። እያንዳንዱ የሚያየው ቁራሽ ነው። ያልተማከለ ቁጥጥር የሚባለው ይሄ ነው። የኔም ሁለት ፕሮግራሞች ሳላውቀው የዚሁ ዘርፍ ምሳሌ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1992 ካረን ሩዲና ዎንሃም ለዚህ ጥርት ያለ መስፈርት አወጡ። ቀለል አድርጌ ልንገራችሁ። መከልከል በሚያስፈልግበት እያንዳንዱ አጋጣሚ ላይ፣ ያንን ክስተት መከልከል ከሚችሉት ተቆጣጣሪዎች ቢያንስ አንዱ እርግጠኛ መሆን አለበት። እሱ ይከለክላል። የቀሩት እርግጠኛ ካልሆኑ ዝም ይበሉ፤ ዝምታቸው እንደ ፈቃድ ይቆጠራል። የኛ ደንብ ቁርጥ ይሄው ነበር።

ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ2002፣ ዩ እና ስቴፋን ላፎርቹን ነገሩን ገለበጡት። ዝምታ ለምን ፈቃድ ይሆናል? ክልከላ ቢሆንስ? በዚህኛው መንገድ መፍቀድ በሚያስፈልግበት ጊዜ ሁሉ አንዱ እርግጠኛ ሆኖ «ፍቀድ» ማለት አለበት። ማንም ካልተናገረ በሩ ይዘጋል። ሁለቱ መንገዶች የሚፈቱት ችግር የተለያየ ነው። በአንዱ የሚፈታው በሌላው ላይፈታ ይችላል። ለእያንዳንዱ ክስተት የሚስማማውን መምረጥም ይቻላል።

ይህን ሳነብ አንድ ነገር ገባኝ። «ማንም ካልተናገረስ?» የሚለው ጥያቄ መጨረሻ ላይ የሚሞላ ባዶ ቦታ አይደለም። ንድፉ የሚጀምረው ከሱ ነው። እኛ ደግሞ ፕሮግራሙን ስንጽፍ አንድ መስመር ላይ፣ ሳናስብበት፣ ሞልተነው አልፈን ነበር።

አሁን ወደ ምወደው ክፍል ልግባ። እዚህ ጋ ትንሽ ታገሡኝ፤ ወረቀትና እርሳስ ብትይዙ ይሻላል።

አንድ ቫልቭ አለ እንበል። ሀ የሚባለው ተቆጣጣሪ አንድ መብራት ብቻ ያያል፤ ቀይ ወይም አረንጓዴ። ለ የሚባለው አንድ መርፌ ብቻ ያያል፤ ዝቅ፣ መሃል ወይም ከፍ። ሊፈጠሩ የሚችሉት ሁኔታዎች አራት ብቻ ናቸው። መብራቱ ቀይ ሆኖ መርፌው ዝቅ ካለ ቫልቩ መከፈት አለበት። ቀይ ሆኖ መርፌው መሃል ከሆነ መከፈት የለበትም። አረንጓዴ ሆኖ መርፌው መሃል ከሆነ መከፈት አለበት። አረንጓዴ ሆኖ መርፌው ከፍ ካለ መከፈት የለበትም። ሀ እና ለ ይህን ሰንጠረዥ በቃላቸው ያውቁታል። እርስ በርስ ግን አይነጋገሩም። ሁለቱም ውሳኔያቸውን ወደ አንድ ሳጥን ይልካሉ፤ ሳጥኑ አስታርቆ ይፈጽማል።

ሁለተኛውን ሁኔታ እዩት፤ ቀይና መሃል። ሀ ቀይ አየ። መርፌው ዝቅ ይሁን መሃል አያውቅም፤ ስለዚህ ይከፈት አይከፈት አያውቅም። ለ መሃል አየ። መብራቱ ቀይ ይሁን አረንጓዴ አያውቅም፤ እሱም አያውቅም። መከልከል ሲያስፈልግ እርግጠኛ የሆነ ሰው የለም። የ1992ቱ መንገድ እዚህ ወደቀ።

ሦስተኛውን ደግሞ እዩት፤ አረንጓዴና መሃል። ሀ አረንጓዴ አየ፤ መርፌው መሃል ይሁን ከፍ አያውቅም። ለ እንደ ቅድሙ መሃል ላይ ነው። መፍቀድ ሲያስፈልግም እርግጠኛ የለም። የተገለበጠውም መንገድ ወደቀ።

እኔ እዚህ ስደርስ «አበቃ፣ አይፈታም» ብዬ እርሳሴን አስቀምጬ ነበር። አላበቃም።

ሀ ቀይ አይቶ እንዲህ ያስብ፦ «መርፌው ዝቅ ብሎ ከሆነ ለ ያውቃል። መርፌ ዝቅ የሚለው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ ለ ‹ክፈት› ይላል። ስለዚህ እኔ ‹ክፈት የሚል ከሌለ ዝጋ› እላለሁ።» ሀ አረንጓዴ ሲያይ ደግሞ በተቃራኒው ያስባል፦ «መርፌው ከፍ ብሎ ከሆነ ለ ያውቃል፤ ‹ዝጋ› ይላል። ስለዚህ እኔ ‹ዝጋ የሚል ከሌለ ክፈት› እላለሁ።» ለ መርፌው መሃል ሲሆን «አላውቅም» ይላል።

አራቱንም ሁኔታዎች አንድ በአንድ ሞክሩት። ሁሉም ይሠራል። ቀይና ዝቅ ሲሆን ለ «ክፈት» ይላል፣ ይከፈታል። ቀይና መሃል ሲሆን ማንም «ክፈት» አላለም፣ አይከፈትም። አረንጓዴና መሃል ሲሆን ማንም «ዝጋ» አላለም፣ ይከፈታል። አረንጓዴና ከፍ ሲሆን ለ «ዝጋ» ይላል፣ ይዘጋል። በሁለቱ መካከለኛ ሁኔታዎች ላይ መልሱን በእርግጠኝነት የሚያውቅ ማንም አልነበረም። ግን ትክክለኛው ተደረገ።

ይህን በራሴ እጅ ወረቀት ላይ የሠራሁበትን ምሽት አልረሳውም። ሀ ቫልቩን አላወቀም፤ ለን ግን አውቋል። ለ ምን ሲያይ ምን እንደሚያውቅ አውቋል። እና ከዚያ የራሱን ውሳኔ አወጣ።

ዩ እና ላፎርቹን ይህን ዓይነቱን «እንዲህ የሚል ከሌለ» የሚል ውሳኔ በ2004 ወደ ንድፈ ሐሳቡ አስገቡት። ራትነሽ ኩማርና ሺገማሳ ታካይ በ2007 ከዚያ አልፈው ሄዱ። የኔ ሰንጠረዥ አራት ሁኔታ ያለው ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ቢረዝምስ? «እሱ አያውቅም፤ ግን እኔ ስለሱ እንደማስበው እሱም ስለኔ አስቦ ይወስናል» እየተባለ ወደ ውስጥ ይገባል። እነሱ ለእያንዳንዱ ውሳኔ የአሻሚነት ደረጃ ሰጡት። በቀጥታ ያወቀ ሰው ደረጃው ዜሮ ነው። በዜሮ ላይ ተመርኩዞ የወሰነ አንድ ነው። እንዲህ እያለ ይቀጥላል። የተለያዩ ውሳኔዎች ሲመጡ ዝቅተኛ አሻሚነት ያለው ያሸንፋል። የተሻለ የሚያውቀው ይሰማል ማለት ነው። እንዲህ ሲባል ቀላል ይመስላል፤ ማረጋገጫው ግን ቀላል አይደለም።

«ማወቅ» የሚለውን ቃል እስካሁን እንዲሁ ስጠቀምበት ቆየሁ። እሱም ጥብቅ ትርጉም አለው። የእውቀት አመክንዮ የሚባለው ዘርፍ ያኮ ሂንቲካ በ1962 ካወጣው ሥራ ጀምሮ ያደገ ነው። አንድን ነገር አውቃለሁ የምለው ካየሁት ጋር በሚስማሙ ዓለማት ሁሉ ውስጥ ያ ነገር እውነት ሲሆን ነው። ሀ ቀይ ሲያይ ሁለት ዓለም ከፊቱ አለ። በአንዱ ይከፈታል፣ በሌላው አይከፈትም። ስለዚህ አያውቅም። ሪከርና ሩዲ ይህን የእውቀት ቋንቋ በ2000 ወደ ቁጥጥር ንድፈ ሐሳብ አመጡት። በ2007 ደግሞ ተቆጣጣሪዎች አንዱ ስለሌላው በሚያውቀው ላይ ተመርኩዘው እንዴት መወሰን እንደሚችሉ ጻፉ። እኔን ወደዚህ ሁሉ ያስገባኝ የነሱ መንገድ ነው። ሒሳቡ ያው ነው። ግን በእውቀት ቋንቋ ሲጻፍ ተቆጣጣሪው ለምን እንዲህ እንዳለ ማንበብ ይቻላል።

እዚህ ላይ አቋሜን ልናገር። ሰንጠረዡን ትንሽ ልቀይረው። መርፌው ከፍ የሚለውን እናውጣና አራተኛውን ሁኔታ አረንጓዴና ዝቅ እናድርገው፤ መከፈት የለበትም። አሁን ሰንሰለቱ ቀለበት ሆነ። ቀይም አሻሚ ነው፣ አረንጓዴም፣ ዝቅም፣ መሃልም። ዜሮ ላይ የቆመ ማንም የለም፤ ስለዚህ የሚደገፍበት የለም። «እሱ ያውቃል» የሚባልለት ሰው በሌለበት መላ መምታት አይነሳም።

ግን ቀለበቱን በሌላ መንገድ መፍታት ይቻላል። ሀ ለቀይ 0፣ ለአረንጓዴ 1 ይላክ። ለ ለዝቅ 0፣ ለመሃል 1 ይላክ። ሳጥኑ ቁጥሮቹ እኩል ከሆኑ ይክፈት። ይሠራል! ሰው «ታዲያ ምን ቸገረህ?» ሊለኝ ይችላል። የሚቸግረኝ አለ። የሀ «1» ብቻውን ምንም ትርጉም የለውም። ምክንያት አይደለም፣ አስተያየትም አይደለም፤ የምስጢር ግማሽ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቼ ሎግ፣ ማለትም ፕሮግራሞቹ የሚጽፉትን መዝገብ፣ ሳነብ «1» የሚለውን አይቼ ሀ ትክክል ነበር ወይስ ተሳስቷል ማለት አልችልም። «ዝጋ የሚል ከሌለ ክፈት» የሚለውን ግን አንብቤ መመዘን እችላለሁ። በተቻለ ቦታ ሁሉ ምክንያቱ የሚነበብ ውሳኔን እመርጣለሁ። አንዳንድ ችግር በሱ አይፈታም፤ ያኔ ቁጥሩን እንቀበላለን።

ምንም ዓይነት ሳጥን የማይፈታውም አለ። ሀ አንድ ደወል ብቻ ይሰማል፣ ለ ሌላ ደወል ብቻ። የሀ ደወል ከቀደመ መከፈት አለበት፣ የለ ደወል ከቀደመ መከፈት የለበትም። ሁለቱም የየራሳቸውን አንድ ደወል ሰምተዋል። ማን እንደቀደመ ከሁለቱ ወሬ አይወጣም። ወይ መነጋገር ነው፣ ወይ መተው። ስታቭሮስ ትሪፓኪስ በ2004 ያሳየው ደግሞ የባሰ ነው። ሁለት ታዛቢዎች የየራሳቸውን ማስታወሻ እስከ መጨረሻው ይዘው መጡ እንበል። ሁለቱን ማስታወሻዎች አንድ ላይ አይቶ የሆነው ነገር መልካም ነበር ወይስ መጥፎ ብሎ ሁልጊዜ መለየት ይቻላል ወይ? ለዚህ ጥያቄ ለሁሉም ሥርዓት የሚሠራ አልጎሪዝም የለም፣ ሊኖርም አይችልም። ሥርዓቱ ራሱ እኮ ውስን ነው፤ ትንሽ ሥዕል ላይ ሊሣል ይችላል። እኔን ይሄ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ወደ ባልደረባዬ ጥያቄ ልመለስ። «ምንም አላለም ማለት ምን ማለት ነው?»

የሀ እና የለ ብልሃት ሁሉ የተሠራው በአንድ እምነት ላይ ነው። ለ ካወቀ ይናገራል። ሁለቱም ያንኑ ሰንጠረዥ ይዘዋል፣ መያዛቸውንም ሁለቱም ያውቃሉ። ይህ «ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ማወቁንም ሁሉም ያውቃል» የሚባለው ነገር በተበታተነ ሥርዓት ውስጥ ስንት ዋጋ እንዳለው ጆሴፍ ሃልፐርንና ዮራም ሞሰስ በ1990 በደንብ አሳይተዋል። መልእክት ሊጠፋ በሚችልበት መስመር ላይ በመላላክ ብቻ እዚያ ደረጃ አይደረስም። የሀ እና የለ ሰንጠረዥ ደግሞ ከመጀመሪያው የተሰጠ ስጦታ ነው።

አሁን ለን እንግደለው። ፕሮግራሙ ቆመ እንበል። መብራቱ ቀይ ሲሆን ሀ «ክፈት የሚል ከሌለ ዝጋ» አለ። ለ ሞቷል፣ ምንም አላለም። ቫልቩ አይከፈትም። መከፈት የነበረበት ቢሆን እንኳ ሥራ ይቆማል እንጂ አደጋ የለም። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ግን ሀ «ዝጋ የሚል ከሌለ ክፈት» ብሏል። መርፌው ከፍ ብሏል። «ዝጋ» ማለት የነበረበት ለ ሞቷል። ቫልቩ ይከፈታል።

የኛ ሌሊት ይሄው ነበረ።

የመጀመሪያ ሐሳቤ አረንጓዴውን ማጥበቅ ነበር። ሀ አረንጓዴ ሲያይ «ክፈት የሚል ከሌለ ዝጋ» ይበል። ከአደጋው እንድናለን። ግን ሦስተኛው ሁኔታ ላይ ለ መሃል አይቶ «ክፈት» ሊል አይችልም፤ እርግጠኛ አይደለም። ስለዚህ መከፈት ሲገባው ፈጽሞ አይከፈትም። ትንሿ ቋንቋችን ይበልጥ ታንሳለች። ለጥንቃቄ ተብሎ አንድ ሙሉ መስመር ይሰረዛል። ብዙ ቦታ ትክክለኛው ምርጫ ይሄ ነው፤ እኔም ለመቀበል ተዘጋጅቼ ነበር።

ወረቀቱ ላይ የሦስተኛውን መስመር «ክፈት» ልሰርዝ ስል የለ መልስ ላይ ዓይኔ አረፈ። «አላውቅም» ብዬ ጽፌያለሁ። እኔ ግን ሳጥኑ ጋ ሲደርስ እንደ ባዶ ነበር የቆጠርኩት። ባዶ ባይሆንስ? ለ «አላውቅም» የሚለውን እንደ ማንኛውም ውሳኔ ጮክ ብሎ ቢልከውስ? ያኔ ሀ አረንጓዴ አይቶ እንዲህ ይላል፦ «ለ ‹አላውቅም› ካለ ክፈት። ምንም ካላለ ዝጋ።» ለ በሕይወት ካለና መርፌው መሃል ከሆነ «አላውቅም» ይላል፤ ይከፈታል። መርፌው ከፍ ካለ «ዝጋ» ይላል፤ ይዘጋል። ለ ከሞተ ድምፅ የለም፤ ይዘጋል። ሦስተኛው መስመር ዳነ። አደጋውም ቀረ። የተጨመረው አንድ ቃል ነው። ያ ቃል ስለ ቫልቩ ምንም አይናገርም።

በማግሥቱ ለሁለቱ ፕሮግራሞቻችን ያንኑ አደረግን። እያንዳንዳቸው በየዙሩ ከሦስቱ አንዱን መጻፍ አለባቸው፦ «ከልክል»፣ «ፍቀድ» ወይም «አላውቅም»። የተጻፈ ነገር ከሌለ ስረዛ የለም። ቃሉ የየትኛው ዙር እንደሆነም አብሮ ይጻፋል፤ የትናንት «አላውቅም» ለዛሬ እንዳይቆጠር። ሥራው ግማሽ ቀን አልፈጀም። ባልደረባችን ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቆም አሉ፤ ሳጥኑ ባዶ መልስ ሲያገኝ የሚያደርገው ላይ። ጣታቸውን አሳርፈውበት ቆዩና «እዚህ ጋ ማብራሪያ ጻፍበት» አሉኝ። ጻፍኩበት።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሥራ ስገባ መጀመሪያ የምከፍተው የሌሊቱን ሎግ ነው። አብዛኛው መስመር አንድ ዓይነት ነው። አላውቅም። አላውቅም። አላውቅም። ከልክል። አላውቅም።